ይሄ ቤት ያፈሳል

ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ሳስተምር በየዓመቱ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ክብ ሠርቼ ወደ ተማሪዎቹ እዞርና "ይሄን የት ታውቁታላችሁ?" እላለሁ። እጅ ይወጣል። ጎማ። ሳንቲም። የግድግዳ ሰዓት። ኳስ የሚልም አይጠፋም። አንድ ዓመት "ምጣድ" ያለች ልጅ ነበረች፤ ክፍሉ ሳቀባትና ዓመቱን ሙሉ መልሳ እጇን አላወጣችም።

ትምህርት ቤቱ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መሃል፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ የገጠር ትምህርት ቤት ነው። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ጠዋት የሚነሡት ክብ ቤት ውስጥ ነው። ክብ ቤት ውስጥ ተወልደው፣ ክብ ግድግዳ ተደግፈው የቤት ሥራቸውን ሠርተው ነው የሚመጡት። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ግን "ቤታችን" ብሎ የመለሰልኝ አንድም ልጅ የለም። የሚገርመው፣ መልሱ መጉደሉን እኔም አላስተዋልኩም። እኔም ያደግኩት ጎጆ ውስጥ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት ወደ ቤት ስመለስ ደቦ አጋጠመኝ። አዲስ ለሚጋቡ ልጆች ቤት ሊሠራ ነው። (ትዳር መያዝን ራሱን "ጎጆ መውጣት" እንላለን አይደል?) መሬቱ ተደልድሏል፤ መሃሉ ላይ ካስማ ተተክሏል፤ ከካስማው ላይ ገመድ ታስሯል። የገመዱን ጫፍ ይዞ፣ በሹል እንጨት መሬቱን እየጫረ የሚዞረው የኔ ተማሪ ነው። ባለፈው ሳምንት የክብ ፈተና ላይ ከ10 3 ያመጣ ልጅ። ገመዱን ሳያላላ ዞረና የጀመረበት ነጥብ ላይ መጥቶ ገጠመ። አንድ ሽማግሌ ዳር ቆመው "ወጥረው! ወጥረው!" ይሉታል።

በማግስቱ ጠራሁት።

"ራዲየስ ምንድን ነው?"

"አላውቀውም ጋሼ።"

"ትናንት ይዘኸው ስትዞር የነበረውስ?"

"እሱማ ገመድ ነው።"

ይህ መልስ ለሳምንታት አልለቀቀኝም። ልጁ ራዲየስን ያውቃል ወይስ አያውቅም? ፈተናው አያውቅም ብሏል። መሬቱ ላይ የቀረው ክብ ደግሞ ያውቃል ይላል። ሁለቱም እውነት ከሆኑ፣ እኔ የማስተምረው ምኑን ነው?

* * *

መፍትሔ ያገኘሁ መሰለኝ። ጂኦጂብራ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፤ ማርኩስ ሆሄንቫርተር የሚባል ኦስትሪያዊ በ2001 እ.ኤ.አ. በዛልስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የጀመረው ነው። ክብ፣ ጎነ ሦስት፣ ሾጣጣ፣ ሲሊንደር የፈለጋችሁትን ትሠሩበታላችሁ፤ ከዚያ አንዱን ነጥብ በጣት ስትጎትቱ ቁጥሩ ሁሉ አብሮ ይቀየራል። በእሱ "ሒሳብ በጎጆ" ያልኩትን ተከታታይ ትምህርት ማዘጋጀት ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ገጽ የግድግዳው ነበር። ዙሪያው 24 ሜትር የሆነ ግድግዳ ለማቆም የሚበቃ እንጨትና ጭቃ አለህ እንበል። ካሬ ቤት ከሠራህ እያንዳንዱ ጎን 6 ሜትር ይሆናል፤ የምታገኘው ወለል 36 ካሬ ሜትር ነው። በዚያው ግድግዳ ክብ ቤት ከሠራህ ግን ወለሉ ወደ 46 ካሬ ሜትር ይጠጋል። አንድም ተጨማሪ እንጨት ሳትቆርጥ ላምና ጥጃ የምታሳድርበት ቦታ ተረፈህ ማለት ነው። ዙሪያቸው እኩል ከሆኑ ቅርጾች ሁሉ ሰፊውን ቦታ የሚይዘው ክብ ነው፤ ይህን በሙሉ ማረጋገጫ ለማሳየት የሒሳብ ሰዎች እስከ 19ኛው መቶ ዘመን ደክመውበታል።

ሁለተኛው ገጽ የክዳኑ ነበር። የጎጆ ክዳን ሾጣጣ ነው። ከመሃል ምሰሶ እስከ ክዳኑ ጠርዝ አግድም ለካ፤ ከዚያ ከፍታውን ለካ፤ ወራጁ እንጨት ደግሞ ሁለቱን ያገናኛል። ይህ ቀጤ ጎነ ሦስት ነው፤ ስለዚህ ፓይታጎረስን አስገባሁበት። ቁጥሩ እንዲያምርልኝ አግድሙን 4 ሜትር፣ ከፍታውን 3 ሜትር አደረግኩት፤ ወራጁ ልክ 5 ሜትር ወጣ። ክፍልፋይ የለ፣ ነጥብ የለ። በጣም ኮራሁበት።

የመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ላይ "አዘጋጅ" ብዬ ስሜን ጻፍኩ። ከሥዕሉ ሥር ደግሞ "ባህላዊ ቤት፣ ምዕራብ ጎጃም" የሚል አስቀመጥኩ።

* * *

ከማስተማሬ በፊት እነዚያን ሽማግሌ ላሳያቸው ብዬ ስልኬ ላይ ጭኜ ሄድኩ። እውነቱን ልናገር፣ እንዲያርሙኝ አልነበረም የሄድኩት። እንዲደነቁልኝ ነው። "አየህ፣ ያንተ ሥራ እዚህ ደረሰ" የሚል ነገር ልቤ ውስጥ ነበር።

ከጠርዙ እስከ ጫፉ ዝም ብለው አዩት። በጣቴ እያዞርኩ ከላይም ከጎንም አሳየኋቸው።

"ደስ ይላል" አሉ። ከዚያ ትንሽ ቆይተው፣ "ይሄ ቤት ግን ያፈሳል።"

"እንዴት አባባ?"

"ክዳኑ ተኝቷል እኮ ልጄ። ሳር ውሃ አይከለክልም፤ ያንሸራትታል እንጂ። የተኛ ክዳን ላይ ውሃው አብሮ ይተኛል። ሳርህ በሁለት ክረምት ይበሰብስና ቤቱ ላይህ ላይ ያለቅሳል። አቁመው።"

"እንጨቱን ላርዝመው?"

"ከዚህ የረዘመ ቀጥ ያለ ወራጅ ከየት ታመጣለህ? እንጨቱን ተወው። ቤቱን አጥብበው።"

እዚያው ቁጭ ብዬ ነጥቡን ጎተትኩት። ወራጁ 5 ሜትር እንደሆነ ቀረ፤ አግድሙ ከ4 ወደ 3 ወረደ፤ ከፍታው ከ3 ወደ 4 ወጣ። የክዳኑ ዘንበልታ ከ37 ዲግሪ ገደማ ወደ 53 ዲግሪ ቆመ። ያው ጎነ ሦስት ነው፤ ተኝቶ የነበረው ተነሣ እንጂ ሌላ አልሆነም።

"እ፣ አሁን ሰው ይግባበት" አሉ።

በሌላ አገር ያሉ የሳር ክዳን ባለሙያዎችም ክዳን ቢያንስ 45 ዲግሪ ያህል እንዲቆም ነው የሚመክሩት። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ያሳፈረኝ ግን አለማወቄ አይደለም። የክዳኑን ቁልመት የመረጥኩት ለቁጥሩ ውበት ስል እንደነበር ስለገባኝ ነው። ከጎጆው እንማር ብዬ ተነሥቼ፣ ጎጆውን ለፓይታጎረስ ማሳያ አድርጌ ሰው የማይኖርበት ቤት ሠርቻለሁ። ተማሪዎቼም "ባህላዊ ቤት" ብለው ይሸመድዱት ነበር።

* * *

ይሄ የኔ ብቻ ስሕተት አይመስለኝም። ስለ አገር በቀል እውቀት ስናወራ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ንቀት ነው፤ "እሱማ ገመድ ነው" የሚያሰኘው። ልጁን ያስተማርነው እኛ ነን። ሁለተኛው ሙገሳ ነው፤ "አባቶቻችን ፓይታጎረስን ሳይማሩ ያውቁ ነበር" የሚለው። ሁለተኛው ከአንደኛው የተሻለ ይመስላል። ግን ልብ በሉ፣ በሁለቱም ውስጥ ፈራጁ መጽሐፉ ነው። ሽማግሌው የሚመሰገኑት መጽሐፉን ስለመሰሉ ነው። ካልመሰሉትስ? መጽሐፉን ቢያርሙትስ?

በሞዛምቢክ ለብዙ ዓመታት ያስተማረው ፓውሉስ ጌርደስ የሚባል የሒሳብ ሊቅ በዚህ ነገር ላይ ብዙ ጽፏል። እዚያ የገጠር ሰዎች አራት ማዕዘን ቤት ሲጀምሩ ሁለት እኩል ገመዶችን መሃል ለመሃል ያስራሉ። የገመዶቹን አንድ አንድ ጫፍ፣ የቤቱን ወርድ በሚያህል እንጨት ሁለት ጫፍ ላይ ቸክለው የቀሩትን ሁለት ጫፎች ይወጥሯቸዋል። አራቱ ጫፎች አራቱ ማዕዘኖች ናቸው። ለምን? እኩል የሆኑና መሃላቸው ላይ የሚቋረጡ ሰያፎች ያሉት ቅርጽ ሌላ ነገር መሆን ስለማይችል። ጌርደስ እንዲህ ያለውን ዘዴ የረጋ ሒሳብ እንደማለት አድርጎ ያየው ነበር፤ ዘዴውን መጀመሪያ ያገኘው ሰው ሒሳብ አስቧል፣ ዛሬ ደግሞ የሚሠራው ግን በአብዛኛው ይደግመዋል እንጂ አያስብም፤ የመምህር ሥራ የረጋውን ማቅለጥ ነው።

ሐሳቡን እወደዋለሁ። ግን በዚያች ቀን ያየሁት ከዚህ ይበልጣል። ሽማግሌው ማንም ሠርቶት የማያውቀውን፣ ስክሪን ላይ ብቻ ያለ ቤት አይተው ነው የፈረዱት። የእንጨቱን ርዝመት ሳይለውጡ ወርድና ቁመትን አመዛዝነው መፍትሔ ሰጡኝ። ይህ መድገም አይደለም። እዚያ የረጋ ነገር የነበረው ሥዕሉ ውስጥ ነው፤ ያረጋሁትም እኔ ነኝ።

በሌላ በኩል፣ ሽማግሌው ፓይታጎረስን ያውቃሉ ብዬ አልዋሽም። 3፣ 4፣ 5 ለምን እንደሚገጥሙ አያረጋግጡም፤ እንዲያረጋግጡም የጠየቃቸው የለም። ማረጋገጫ ሌላ እውቀት ነው፤ ከጎጆው ብቻ አይገኝም፣ እኔም የምከፈለው እሱን ለማስተማር ነው። ሁለቱን እውቀቶች አንድ ናቸው ማለት ለሁለቱም ክብር አይሆንም። ሁለቱን ማገናኘት ማለት፣ እንደኔ፣ አንዱ ሌላውን ማረም የሚችልበትን መንገድ መክፈት ነው።

የፕላቶን "ሜኖ" ያነበባችሁ ታስታውሱ ይሆናል። ሶቅራጥስ አንድ የባሪያ ልጅ ይጠራና ካሬ ይሥልለታል፤ ስፋቱ እጥፍ የሆነ ካሬ እንዴት እንደሚገኝ ይጠይቀዋል። ልጁ መጀመሪያ ጎኑን በእጥፍ እናርዝመው ይላል። ይሳሳታል፤ ስፋቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በጥያቄ እየተመራ በመጨረሻ ሰያፉ ላይ ይደርሳል። ሶቅራጥስም "አያችሁ፣ እውቀቱ ውስጡ ነበር" ለማለት ይጠቀምበታል። ይህን ታሪክ የመምህርነት ሁሉ ምሳሌ አድርጌ እወደው ነበር። አሁን ሳነበው የሚታየኝ ሌላ ነው። ያ ልጅ ስም የለውም። የጌታው ስም አለ፣ የጠያቂው ስም አለ፣ የጸሐፊው ስም አለ። ልጁ እውቀት እንዳለው ለማሳየት ተጠራ፣ አሳየ፣ ተሰናበተ። እሱ የጠየቀው አንድም ጥያቄ የለም።

"ባህላዊ ቤት፣ ምዕራብ ጎጃም" ብዬ ስጽፍ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። "ባህል" የሚባል ግንበኛ የለም። ያንን ቤት የሠራው ሰው ነው።

* * *

ትምህርቱን አርሜ ክፍል ይዤው ስገባ ሌላ ፈተና ጠበቀኝ። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

"ጋሼ፣ እኛ እኮ ዘንድሮ ቆርቆሮ ቤት ልንገባ ነው። ለምን የድሮ ቤት ያስተምሩናል?"

ቤተሰቦቿ በርበሬና በቆሎ ሸጠው፣ ለዓመታት ቆጥበው ነው ቆርቆሮውን የገዙት። እኔ የምኖረው በቆርቆሮ ቤት ነው። እኔ የወጣሁበትን ቤት፣ እነሱ ሊወጡ ሲሉ "ውበቱን እዩ" ማለት ምን ማለት ነው? ጎጆ በፎቶ ላይ ያምራል። ጭስ ያለበት፣ ሳሩ በየጥቂት ዓመቱ የሚለወጥ፣ የሳር መሬቱም ታርሶ አልቆ ሳሩ ራሱ የተወደደበት ቤት ግን ናፍቆት አይደለም። ልጆች የድህነታቸውን ማሳያ እንዲያፈቅሩ የሚጠይቅ ትምህርት ፍትሐዊ አይደለም።

ለልጅቷ ያን ቀን ጥሩ መልስ አልነበረኝም። መልሱን ያገኘሁት ጥያቄዋን የትምህርቱ አንድ ገጽ ሳደርገው ነው፦ ቆርቆሮ ሲመጣ ቤቱ ለምን አራት ማዕዘን ሆነ?

እናንተም ሞክሩት። ወረቀት ላይ ራዲየሱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ሠርታችሁ ቁረጡ። ከእሱ ላይ 144 ዲግሪ የሚሆን ቁራጭ አውጡና የቀረውን ጠርዝ ለጠርዝ ግጠሙት። ታችኛው ራዲየሱ 3፣ ከፍታው 4 የሆነ ሾጣጣ ይወጣላችኋል፤ የሽማግሌው ክዳን ማለት ነው። ሳር ይህን ቅርጽ ለመከተል አይቸገርም፤ እፍኝ እፍኝ እየሆነ ይደረደራል። ቆርቆሮ ግን አራት ማዕዘን ሆኖ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። ሾጣጣ ላይ ለመምታት እያንዳንዱን ሉክ አሹሎ መቁረጥ ያስፈልጋል፤ የሚጣለው ቁራጭ የተከፈለበት ገንዘብ ነው። ስለዚህ ክዳኑ ቤቱን አራት ማዕዘን አደረገው። ፋሽን ብቻ አይደለም፤ ሒሳብም አለበት።

አራት ማዕዘን ቤት ደግሞ ቀጥ ያለ ማዕዘን ይፈልጋል። ቡሬም ሆነ ፍኖተ ሰላም ግንበኛው በአንዱ በኩል 60፣ በሌላው 80 ሳንቲ ለክቶ ሰያፉ 100 መሆኑን ቢያይ ማዕዘኑ ትክክል ነው። 60፣ 80፣ 100። ያው 3፣ 4፣ 5። ክዳን ላይ ተኝቶ ቆሞ ያየነው ጎነ ሦስት፣ አሁን የቆርቆሮው ቤት ጥግ ላይ ነው። ልጅቷ የአባቷን ግንበኛ ሄዳ ጠይቃ መጣች። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ ስለ ድሮ ቤት መሆኑ ቀረ። ስለ ሁለቱም ቤቶች ሆነ፤ ቤተሰቧ ለምን እንደመረጠም ጭምር።

* * *

ስለ ዲጂታሉ ነገርም አንድ ሁለት ልበል። ስክሪን ገመድ አይደለም። ልጁ ሲዞር ክንዱ የተሰማውን ውጥረት ስልክ አይሰጥም። ስለዚህ መጀመሪያ ሜዳ ላይ በካስማና በገመድ እንሠራለን፣ ስልኩ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ደቦ የማይችለውን ስክሪን ይችላል። ክዳኑ ቢያንስ ምን ያህል መቆም እንዳለበት ለማወቅ 10 ቤት ሠርቶ 10 ክረምት መጠበቅ አይቻልም። ነጥቡን በጣት መጎተት ግን ይቻላል። ሽማግሌውም ያረሙኝ ስለተጎተተ ነው፤ ወረቀት ላይ ቢሆን "ያፈሳል" ብለው ይተውት ነበር።

ሌላው የመድረስ ጉዳይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ቆይቷል። ያለ ኢንተርኔት የማይከፈት ትምህርት፣ ስለ ጎጆ ቢሆንም እንኳ፣ የከተማ ልጅ ትምህርት ነው። ስለዚህ የሠራሁት ሁሉ ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ የሚተላለፍ፣ ትንሽ ሜጋባይት የሚይዝ ነው። ጎጆው ባለበት የማይከፈት የጎጆ ትምህርት ለማን ነው?

* * *

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራን የመሰለ ጉባኤ ያፈራ አገር። የቅኔ ተማሪ በገዛ እጁ ባቆማት ትንሽ ጎጆ እየኖረ ቅኔ "ይቆጥራል"፤ መፍጠሩ ራሱ ቆጠራ ነው የሚባለው። የቆጠረውን ግን ለብቻው አያስቀምጠውም። ሄዶ ለየኔታ ይነግራል፤ ነገራ ይባላል። የኔታ ሰምተው ያርማሉ፣ ያቃናሉ፣ አንዳንዴም "ይሄ አይሆንም" ብለው ይመልሱታል። ያልተነገረ ቅኔ ገና አልተማሩበትም።

እኔ ስልኬን ይዤ ስሄድ ላስደንቅ ነበር። ሳላውቀው ነገራ ሆነ። ዛሬ ለማንኛውም ሰው፣ በአገር በቀል እውቀት መተግበሪያም ሆነ ቪዲዮ ወይም መጽሐፍ ለሚሠራ ሰው የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከመልቀቅህ በፊት ለባለቤቱ ንገር። ማረም ካልቻለ፣ ወይም አርሞህ ካልለወጥክ፣ የወሰድከው ቅርጹን ብቻ ነው።

የቀረኝ ስም ነበር። "ባህላዊ ቤት" የሚለውን ላጠፋው ስለፈለግኩ ተመልሼ ሄድኩና ስማቸውን ላስገባ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ትንሽ አሰቡ።

"የኔን ብቻ አታግባ" አሉ። "ያስተማረኝንም ጻፍ። እሱ ከሞተ ቆይቷል፤ ግን ወጥረው ይለኝ የነበረው እሱ ነው።"

አሁን የመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ሦስት ስም አለበት። የኔ ሦስተኛው ነው። የሁለቱን ስም እዚህ ያልጻፍኩት፣ የጠየቅኳቸው ለተማሪዎቹ ትምህርት እንጂ ለዚህ ጽሑፍ ስላልነበር ነው።